ግሪሳን ማወቅ ማሽላን መጠበቅ ነው

ማሽላ የሚያበቅል ገበሬ ይህን ጊዜ ያውቀዋል። በሚያዝያ የዘራው፣ ያረመውና ሽልሻሎ ያረሰው ማሽላ ክረምቱን አልፎ በመስከረም ወተት ይይዛል። ያን ጊዜ የገበሬው ዓይን ከሰማይ አይነቀልም። ዝናብ ፈልጎ አይደለም። ወፍ መጣ አልመጣ ብሎ ነው። ልጆችም ወንጭፋቸውን ይዘው ማማ ላይ ይወጣሉ። ትምህርት ቤት ሲከፈት የእነሱ ቦታ ባዶ ይሆናል።

ማሽላን ከሚያጠቁ ወፎች ሁሉ የከፋው ግሪሳ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ግሪሳ ይናገራል። ምን ይመስላል? ምን ይበላል? ለምን ከአገር አገር ይዞራል? እንዴት ይራባል? እኛስ ምን ማድረግ እንችላለን? እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንመልሳለን።

ግሪሳ ምን ይመስላል?

እስቲ ከመልኩ እንጀምር። ግሪሳ ትንሽ ወፍ ነው። ከምንቃሩ እስከ ጭራው ጫፍ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህ የስንዝር ግማሽ ቢሆን ነው። ክብደቱም 20 ግራም ያህል ነው። አንድ ኪሎ ለመሙላት 50 ግሪሳ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ጀርባው አፈር የመሰለ ቡናማ ሆኖ ጠቆር ያሉ መስመሮች አሉበት። ሆዱ ነጣ ይላል። ምንቃሩ አጭርና ወፍራም ነው። ቀለሙም ቀይ ነው።

በመራቢያ ጊዜ ወንዱ መልኩን ይለውጣል። ፊቱ ጥቁር ይሆናል። አንዳንዱም ፊቱ ነጭ ይሆናል። ራሱና ደረቱ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ወይም የገለባ መልክ ይይዛል። ሴቷ ግን እንደ ወትሮዋ ናት። ምንቃሯ ብቻ በዚያን ጊዜ ወደ ቢጫ ይለወጣል። የመራቢያው ጊዜ ሲያልፍ ወንዱ ያን የሠርግ ልብሱን ያወልቃል። እንደ ሴቷ ይሆናል። የሁለቱም ምንቃር እንደገና ቀይ ይሆናል።

ግሪሳ ከአፍሪካ ውጭ አይገኝም። ከሰሐራ በረሃ በታች ባለው አገር፣ ከሴኔጋል እስከ ደቡብ አፍሪካ ይኖራል። የወፍ አዋቂዎች በሦስት ይከፍሉታል። በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በሶማሊያና በኬንያ የሚገኘውን «ኤትዮፒካ» ብለው ሰይመውታል። ስሙ ከአገራችን ስም የተወሰደ ነው።

ትንሽ ወፍ ሁሉ ግሪሳ አይደለም

ደሴ ከተማ ከጦሳ ተራራ ሥር ትገኛለች። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ነው። ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ይላል። ከኮምቦልቻ የቦርከናን ወንዝ ተከትላችሁ ወደ ሐርቡና ወደ ከሚሴ፣ ወይም በምሥራቅ ወደ ባቲ ስትወርዱ አገሩ እየሞቀ ይሄዳል። ማሽላውም እየበዛ ይሄዳል።

ግሪሳ የቆላ ወፍ ነው። የሚመቸው ሣር ያለበት ሞቃት ሜዳ፣ የግራር ቁጥቋጦና ውሃ ነው። የአዋሽ ሸለቆ እንዲህ ያለ አገር ነው። የቦርከና ውሃም የሚወርደው ወደ አዋሽ ነው። ስለዚህ ግሪሳ የሚያሰጋው በዚህ በኩል ያለውን የቆላ ማሽላ ነው። የደጋው ገብስ የሚፈራው ሌላ ነው።

ታዲያ ደሴ ላይ በቤታችሁ ክዳን ሥር የምትንጫጫው ትንሽ ወፍ ማን ናት? እሷ ድንቢጥ ናት። ድንቢጥ ራሷና ሆዷ አመድማ ነው። ክንፏና ወገቧ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ምንቃሯ ጠቆር ያለ ነው እንጂ እንደ ግሪሳ ቀይ አይደለም። ከሰው ቤት አትርቅም። ጥቂት ጥቂት ሆና ትኖራለች እንጂ እንደ ደመና አትመጣም።

በወንዝ ዳር ዛፍ ላይ ጎጆዋን አንጠልጥላ የምትሠራው ቢጫ ወፍም ሌላ ናት። የግሪሳ ዘመድ ናት። እህልም ትቀምሳለች። ነገር ግን መንጋዋ እንደ ግሪሳ አይበዛም።

ይህን መለየት ለምን ይጠቅማል? ሌላ አገር የደረሰውን እንንገራችሁ። በቻይና በ1950 ዓ.ም. መንግሥት «ድንቢጥ እህል ትበላለችና ትጥፋ» ብሎ አወጀ። ሕዝቡ ወጥቶ ከበሮና ድስት እየደበደበ ወፎቹን ማረፊያ ነሣቸው። ደክመው እየወደቁ ሞቱ። ጎጆ ፈረሰ፣ እንቁላል ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ድንቢጥ ትበላቸው የነበሩ ነፍሳት በዙ። እህሉን ጎዱት። በ1952 ዓ.ም. ድንቢጥ ከሚገደሉት ዝርዝር ወጣች። በእሷ ቦታ ትኋን ገባ።

ድንቢጥ እህል ብትለቅምም ጫጩቶቿን የምታሳድገው በትልና በነፍሳት ነው። እንግዲህ አንዱን ከሌላው ሳይለዩ መግደል ራስን መጉዳት ነው።

በመንጋ መኖር ምን ይጠቅመዋል?

ግሪሳ ብቻውን አይታይም። አብሮ ይበላል፣ አብሮ ይጠጣል፣ አብሮ ያድራል። መንጋው በሺህ፣ አንዳንድ ጊዜም በሚሊዮን ይቆጠራል። ከሩቅ ሲያዩት ጭስ ይመስላል።

አብሮ መኖሩ ሁለት ጥቅም ይሰጠዋል። አንደኛ፣ ንስርና ጭልፊት ሲመጡ ብዙ ዓይን ያያቸዋል። ከብዙ ወፍ መካከል አንዷን ለይቶ መያዝም ያስቸግራቸዋል። ሁለተኛ፣ ምግብ ያገኘ ጥቂት ወፍ ሌላውን ይመራል።

መንጋው ሲበላ አካሄድ አለው። ከፊት ያሉት መሬት ላይ ሲለቅሙ ከኋላ ያሉት ዘለው ከፊታቸው ያርፋሉ። ከዚያ የቀሩትም እነሱን ዘለው ያልፋሉ። እንዲህ እየተንከባለለ ሜዳውን ያዳርሳል።

ቀኑም የተደለደለ ነው። ጠዋት በደንብ ይበላል። ፀሐይ ስትበረታ ከዛፍ ጥላ ገብቶ ያርፋል። ከሰዓት በኋላ እንደገና ወጥቶ ይበላል። ውሃ በየቀኑ ይፈልጋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በጥቅጥቅ ግራር ወይም በደንገል ውስጥ ተሰብስቦ ያድራል። ይህን የቀን ሥርዓቱን አስታውሱት። ኋላ ለጥበቃው ይጠቅመናል።

ግሪሳ ለምን ይዞራል?

ግሪሳ በመጀመሪያ የሚፈልገው ማሽላን አይደለም ብንል ትገረሙ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ዋናው ምግቡ የዱር ሣር ፍሬ ነው።

ሣሩ ሲደርቅ ፍሬውን ያራግፋል። ግሪሳ በጋውን ሙሉ ይህን ፍሬ ከመሬት እየለቀመ ይኖራል። በጋው እየገፋ ሲሄድ ፍሬው እያነሰ ይሄዳል። በመጨረሻም ዝናብ ይመጣል። ያን ጊዜ መሬት ላይ የቀረው ፍሬ ሁሉ ይበቅላል። የበቀለ ፍሬ ደግሞ ለግሪሳ ምግብ አይሆንም። አገሩ ሲለመልም፣ ከብቱ ሲጠግብ፣ ግሪሳ ይራባል።

ምን ያደርጋል? የተረፈውን ፍሬና በመጀመሪያው ዝናብ ከመሬት የሚወጣውን ክንፋም ምስጥ በልቶ ይሰባል። ስቡ ለመንገድ ስንቁ ነው። ከዚያ ዝናቡን ተሻግሮ ይበርራል። የሚሄደው ዝናብ ቀደም ብሎ ወደ ዘነበበትና አዲስ ሣር ፍሬ ወደ ያዘበት አገር ነው። ትቶት የሄደው አገር ሣር ሲያፈራ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። እንግዲህ ግሪሳ የሚዞረው ዝናብና የሣር ፍሬ እየመሩት ነው።

ማሽላውስ? ማሽላም እኮ በዘሩ ሣር ነው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና ዳጉሳም እንዲሁ የሣር ዘመዶች ናቸው። ለግሪሳ ማሽላ ማለት ፍሬው የበዛ ሣር ነው። የዱር ሣር ፍሬ ከበዛ መንጋው እዚያው ይውላል። ዝናብ አንሶ ሣሩ ካላፈራ፣ ወይም የሣሩ ፍሬ ካለቀ፣ ወደ ማሳ ይዞራል። ስለዚህ ሣር ባላፈራበት ዓመት ይበልጥ ተጠንቀቁ።

የበቆሎ ፍሬ ግን ለትንሽ ምንቃሩ ይተልቅበታል። በቆሎው በቅጠል የተጠቀለለ በመሆኑም አይመቸውም። ስለዚህ ግሪሳ በቆሎን ብዙ አይጎዳም።

እንዴት ይራባል?

ዝናብ ጥሩ ሆኖ ሣሩ ሲያድግ ግሪሳ ይራባል። እሾህ ያለበትን ግራር ወይም ደንገልን ይመርጣል። ወንዱ እርጥብ ሣር እየሸመነ ጎጆውን በሁለት ሦስት ቀን ይጨርሳል። ጎጆው እንደ ኳስ ድብልብል ነው። በሩ በጎኑ ነው። በአንድ ዛፍ ላይ በመቶ የሚቆጠር ጎጆ ሊሠራ ይችላል። እንዲህ ያለው የጎጆ ሰፈር ብዙ ሄክታር ይሸፍናል።

ሴቷ ብዙውን ጊዜ ሦስት እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከ10 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ በመጀመሪያ የሚመገቡት አባ ጨጓሬና ሌሎች ነፍሳትን ነው። ቆይተው ወደ ፍሬ ይዞራሉ። ሁለት ሳምንት ያህል ሲሆናቸው ከጎጆ ይወጣሉ። ብዙም ሳይቆዩ ወላጆቻቸው ትተዋቸው ይሄዳሉ። ጎጆ ከመሥራት ጀምሮ ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ ያለው ጊዜ ከአንድ ወር ተኩል አይበልጥም።

በሰፈሩ ውስጥ ያሉት ሁሉ እንቁላል የሚጥሉት በአንድ ሰሞን ነው። ስለዚህ ጫጩቱም በአንድ ሰሞን ይወጣል። አባ ኮዳ፣ ንስር፣ ጭልፊትና እባብ ይሰበሰቡበታል። የቻሉትን ይበላሉ። ግን ሁሉን አይጨርሱም።

ክፉው ነገር ይህ ነው። ወጣቶቹ ወፎች ብቻቸውን ሲቀሩ ለስላሳ ፍሬ ይፈልጋሉ። በክረምት ዝናብ የተፈለፈሉት ለዚህ የሚደርሱት ደግሞ ማሽላ ወተት በሚይዝበት ወራት ነው።

እስቲ እናስላው

አንዲት ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል ፍሬ ትበላለች። ይህ የክብደቷ ግማሽ ነው። ለብቻው ሲታይ 10 ግራም ምንም አይደለም። አሁን ግን እርሳስ አንሡና አባዙት።

100 ወፍ፣ በቀን 1 ኪሎ።
10,000 ወፍ፣ በቀን 100 ኪሎ፣ ማለት 1 ኩንታል።
1,000,000 ወፍ፣ በቀን 100 ኩንታል።

አንድ ሄክታር፣ ማለትም አራት ጥማድ ያህል መሬት፣ 20 ኩንታል ማሽላ ይሰጣል እንበል። አንድ ሚሊዮን ግሪሳ ከማሽላ ሌላ ሳይበላ ቢውል የአምስት ሄክታር ምርት በአንድ ቀን ይጨርሳል። ይህም የሃያ ጥማድ መሬት ምርት ነው። አንዲት ወፍ በትንሽነቷ አትናቅም የሚባለው ለዚህ ነው።

ገድሎ መጨረስ ይቻላል?

አይቻልም። በመላው አፍሪካ ያለው ግሪሳ ከመራቢያው ጊዜ በኋላ 1,500,000,000 ያህል ይሆናል ተብሎ ይገመታል። በምድር ላይ ካሉት የዱር ወፎች ሁሉ በቁጥር የሚበልጠው እሱ ነው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ከ60 ዓመት በላይ በመርዝ፣ በእሳትና በፈንጂ ተገድሏል። በሚሊዮን የሚቆጠር ሞቷል። ቢሆንም የወፉ ብዛት አልቀነሰም። በአንድ ዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ መራባት ይችላል። የሞተውን ቶሎ ይተካል።

ይህ ማለት መርዝ ፈጽሞ አይረዳም ማለት አይደለም። ትልቅ መንጋ በማሳ አጠገብ ሰፍሮ ሳለ ማደሪያው ላይ መድኃኒት ቢረጭ የዚያን ዓመት እህል ሊያድን ይችላል። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። ከአንበጣ ሌላ በግሪሳም ላይ በአውሮፕላን መድኃኒት ይረጫል። የሚረጨው ብዙውን ጊዜ ሲመሽ፣ ወፉ ወደ ማደሪያው ሲገባ ነው።

ግን ተጠንቀቁ! ለግሪሳ የሚረጨው መርዝ ለሰውም መርዝ ነው። በመርዝ የሞተ ወፍ አታንሡ፣ አትብሉ፣ ለውሻም አትስጡ። ከብቶቻችሁን ወደተረጨበት ቦታ አታሰማሩ። ከዚያ ውሃ አትቅዱ። የንብ ቀፎ ካላችሁ ከመረጨቱ በፊት ለግብርና ባለሙያው ንገሩት። መርዙ ንብንም ዓሣንም ይገድላል። የታመመውን ግሪሳ የሚበሉትን ጭልፊትና ጉጉትም ይገድላል። ጉጉት ስትሞት ደግሞ አይጥ ደስ ይላታል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ማሽላ ወተት ከያዘ ጀምሮ ፍሬው እስኪጠነክር ድረስ ያለው ጊዜ አንድ ወር ያህል ነው። ዋናው አደጋ ያለው በዚህ ጊዜ ነው። ግሪሳን ከምድር ማጥፋት ባንችልም ይህን አንድ ወር መጠበቅ እንችላለን።

1ኛ፣ ጎረቤታሞች በአንድ ሰሞን ዝሩ። ብቻውን ቀድሞ የደረሰ ማሳ የአካባቢው ወፍ ሁሉ ይወርድበታል። ብቻውን ዘግይቶ የቀረም እንዲሁ። አብሮ የደረሰ ማሽላ ግን ጉዳቱን ይካፈላል።

2ኛ፣ የሣር አረምን በጊዜ ንቀሉ። እንደ ሙጃ ያለ ሣር በማሳችሁ ፍሬ ከያዘ ግሪሳን ይጠራል። ሣሩን ሊበላ የመጣ ወፍ ቀና ብሎ ማሽላውን ያያል።

3ኛ፣ የማሽላውን ዓይነት አስቡ። እንደ ወተት በጉንጬ ያለው ጣፋጭ ማሽላ ለእኛ እሸት እንደሚጥመን ለወፍም ይጥመዋል። እንዲህ ያለውን ከቤት አጠገብ፣ ዓይን ከማይርቅበት ዝሩ። ዘንጋዳ መረር ስለሚል ወፍ ሌላ ካላጣ አይመርጠውም።

4ኛ፣ ማስፈራሪያውን ለዋውጡ። የሚንኳኳ ጣሳ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር፣ ልብስ የለበሰ እንጨት፣ ሁሉም ለጥቂት ቀን ይሠራል። ወፉ ሲለምደው ይንቀዋል። ስለዚህ ቦታውንና ዓይነቱን በየጊዜው ቀይሩ።

5ኛ፣ በሰዓቱ ጠብቁ። ግሪሳ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ እንደሚበላ፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላ እንደሚገባ ከላይ ተናግረናል። እንግዲህ ጥበቃው የሚጠብቀው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ከዚያም ከ9 ሰዓት እስኪመሽ ነው።

6ኛ፣ በተራ ጠብቁ። ማሳቸው የተያያዘ 12 አባወራዎች አሉ እንበል። በየቀኑ ከአራት ቤት ሰው ቢወጣ ለእያንዳንዱ ቤት ተራው በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይደርሳል። በዚህ ላይ አዋቂዎች የጠዋቱን ከያዙ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ለወፍ ብሎ ልጅን ከትምህርት ማስቀረት ዕዳው ከአንድ መኸር በላይ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?

7ኛ፣ የደረሰውን አታቆዩ። ፍሬው ከጠነከረ እጨዱና ሰብስቡ።

ያያችሁትን ጻፉ

አሁን ማንበብና መጻፍ ችላችኋል። ይህ ዕውቀት ለማሽላችሁም ዘብ ይሁን። ግሪሳ ሲታይ በደብተር ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

ቀን፦ ጥቅምት 3
ሰዓት፦ ጠዋት 1 ሰዓት
የመጡበት፦ ከወንዙ ማዶ
ብዛታቸው፦ ከሺህ በላይ
ማታ የሄዱበት፦ ወደ ረግረጉ ደንገል

የመጨረሻው መስመር ከሁሉ ይበልጣል። መንጋው ማታ የሚሄድበትን አቅጣጫ ከተከተላችሁ ማደሪያውን ታገኛላችሁ። ጎጆ የሚሠራ ከሆነም ሰፈሩን ታውቃላችሁ። እንቁላሉ ሳይፈለፈል የተገኘ ሰፈር ጎጆውን አፍርሶ መከላከል ይቻላል። ጫጩቱ ከበረረ በኋላ ግን አገር ምድሩን ይሞላዋል። ስለዚህ የጻፋችሁትን ይዛችሁ በዚያው ቀን ወደ ቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ ሂዱ። «ወፍ መጣብን» ብቻ ከማለት ቀኑን፣ ቦታውንና ብዛቱን የያዘ ወረቀት ማቅረብ ይሻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ተወያዩበት

ይህን ጽሑፍ አንዱ እያነበበ ሌላው ይስማ። ከዚያ እነዚህን ጥያቄዎች መልሱ።

1. ግሪሳን ከድንቢጥ በምን ትለያላችሁ?
2. ዝናብ ሲጀምር ግሪሳ የሚራበው ለምንድን ነው?
3. 50,000 ግሪሳ በቀን ስንት ኩንታል ይበላል?
4. በአካባቢያችሁ ግሪሳ ሊያድርበት የሚችል ግራር ወይም ደንገል የት አለ?
5. በዘንድሮው መኸር የጥበቃው ተራ እንዴት ይሁን? የአባወራዎቹን ስም በተራ ጽፋችሁ ሁሉም በሚያየው ቦታ ለጥፉት።